ዲትሪሽ ቦንሆፈር፦ የውጭ ጉዞዎቹና እምነቱ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ ሰው ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላለው ጊዜ 8 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ደግሞ 7 ዓመት ይቀንስ። የቦንሆፈር ታሪክ ብዙውን ጊዜ በወርና በሳምንት ስለሚለካ፣ እዚህ ላይ መሳሳት ምክንያትና ውጤትን ያቀያይራል።

ቦንሆፈር ማን ነው? ጉዞዎቹስ ለምን ይጠናሉ?

ጀርመናዊ የሉተራን ፓስተር፣ የሥነ መለኮት ምሁርና ጸሐፊ ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1906 ብሬስላው ከተማ (ዛሬ ቭሮትስዋፍ፣ ፖላንድ) ከመንትያ እህቱ ከዛቢነ ጋር ተወለደ። አባቱ ካርል ቦንሆፈር ስመ ጥር የአእምሮ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። ቤተሰቡ ክርስቲያን ይባል እንጂ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም አልነበረም፤ ልጁ ሥነ መለኮት እማራለሁ ሲል ታላላቅ ወንድሞቹ ሊያስተዉት ሞክረዋል። ሂትለርን ከሚቃወሙት ጋር በማበሩ ኤፕሪል 5 ቀን 1943 ታሰረ። ኤፕሪል 9 ቀን 1945 (በእኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1937) በፍሎሰንቡርግ ማጎሪያ ካምፕ በ39 ዓመቱ ተሰቀለ።

ጉዞዎቹን እንድናጠና የሚያደርገን የራሱ ምስክርነት ነው። ኤፕሪል 22 ቀን 1944 ከቴገል እስር ቤት ለወዳጁ ለኤበርሃርድ ቤትገ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሕይወቱ ብዙም የተለወጠ እንደማይመስለው ይናገራል። ምናልባት የተለወጠው ሁለት ነገር ሲገጥመው ነው፦ አንዱ የአባቱን ሰብዕና ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውሎ ሲቀበል፣ ሌላው ውጭ አገርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ። ያን ጊዜ ከባዶ ቃላት ወደ እውነተኛው ነገር ዞርኩ ይላል። ጥያቄው እንግዲህ "ጉዞ ለውጦታል ወይ?" ሳይሆን፣ የትኛው ጉዞ ምኑን ለወጠው የሚለው ነው።

የት የት ሄደ? መቼ?

በ1924 በ18 ዓመቱ ከወንድሙ ከክላውስ ጋር ሮምን፣ ሲሲሊንና ትሪፖሊን አየ። ከፌብሩዋሪ 1928 እስከ ፌብሩዋሪ 1929 ባርሴሎና ረዳት ፓስተር ነበር። ከሴፕቴምበር 1930 ጀምሮ እስከ ጁን 1931 ኒውዮርክ ተማረ፤ በመሃል ኩባንና ሜክሲኮን ጎበኘ። ከኦክቶበር 1933 እስከ ኤፕሪል 1935 ለንደን ላይ ፓስተር ሆኖ አገለገለ። በኦገስት 1934 ፋኖ በምትባል የዴንማርክ ደሴት ጉባኤ ተካፈለ። በ1936 ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ስዊድን ተሻገረ። በጁን 1939 እንደገና ኒውዮርክ ገብቶ ወር ሳይሞላው ተመለሰ። በ1941 እና በ1942 በጦርነቱ መሃል ወደ ስዊዘርላንድ፣ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ጣሊያን ተላከ።

ሮም አንድን የሉተራን ወጣት ምን ልታስተምረው ቻለች?

ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሆነች አስተማረችው። ይህ ትልቅ አባባል ይመስላል፤ ግን የራሱ ነው። በሆሳዕና ዕለት በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የተደረገውን ቅዳሴ ካየ በኋላ፣ "ቤተ ክርስቲያን" የሚለውን ሐሳብ መረዳት እየጀመርኩ ነው መሰለኝ ብሎ በዕለት ማስታወሻው ጻፈ። ልቡን የነካው የሕንፃው ግርማ ብቻ አልነበረም። ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ መልክ ያላቸው ደቀ መዛሙርት በአንድ ልብሰ ተክህኖ፣ በአንድ መሠዊያ ዙሪያ ቆመው ነበር። እሱ ያደገበት የጀርመን ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ግን ከአገሩና ከመንግሥቱ ተለይቶ የማይታሰብ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ኑዛዜ ነው። በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሰዎች ተራ ጠብቀው ሲናዘዙ አየ፤ ለብዙዎቹ ግዴታ ሳይሆን የልብ ጉዳይ መሆኑ ገረመው። በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ "ታዲያ ይሄ ምን ይደንቃል?" ሊል ይችላል። በዘመኑ የጀርመን ፕሮቴስታንት ዘንድ ግን አንድ ሰው ኃጢአቱን ለሌላ ሰው መናገር የተረሳ ነገር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ቦንሆፈር ሴሚናሪ (የፓስተሮች ማሠልጠኛ) ሲመራ ተማሪዎቹ ከቅዱስ ቁርባን በፊት እርስ በርስ እንዲናዘዙ መከራቸው። በ1939 የታተመችው ስለ የጋራ ሕይወት የምትናገረው ትንሽ መጽሐፉም የምታበቃው በኑዛዜና በቁርባን ምዕራፍ ነው።

ይህ ማለት ወደ ካቶሊክነት ሊገባ ነበር ማለት አይደለም። ይህን የሚሉ አሉ፤ ማስታወሻውን እስከ መጨረሻው አለማንበብ የሚያመጣው ስህተት ነው። ከሮም የወሰደው ጥያቄ ሲሆን፣ መልሱን በ1927 በ21 ዓመቱ በበርሊን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ፈለገው። የጽሑፉ ርዕስ "የቅዱሳን ኅብረት" መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ባርሴሎናስ?

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች እያንዳንዱን ጉዞ የእድገት ደረጃ አድርገው ያቀርባሉ። የባርሴሎናው ዓመት ግን ሁለት መልክ አለው።

በጎው ይሄ ነው። በከተማው ያለውን የጀርመን ማኅበር ፓስተር ሲረዳ የልጆች አገልግሎት ጀመረ። በመጀመሪያው እሑድ የመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። በሚቀጥለው 15፣ ከዚያ በኋላ 30 ልጆች መጡ፤ ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይጎበኛቸው ነበር። በጀርመኖች መረዳጃ ማኅበር ቢሮ ሥራ አጦችን፣ መርከበኞችን፣ የሰርከስ ሰዎችን፣ ከወታደርነት የከዱትን ያነጋግር ነበር። የፕሮፌሰሮች ሰፈር ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ቀርቦ አያውቅም። ለወዳጁ ሲጽፍም እነዚህ ሰዎች ከ"ክርስቲያኑ ዓለም" ይልቅ ለጸጋ የቀረቡ ይመስሉኛል አለ።

ሌላው መልክ ደግሞ እዚያው ከተማ፣ ሊመለስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በፌብሩዋሪ 1929 ስለ ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር የሰጠው ንግግር ነው። ለሕዝቤ ፍቅር ስል ጠላትን መግደል ይፈቀዳል የሚል፣ ጦርነትን በብሔርተኛ ቋንቋ የሚደግፍ ሐሳብ አለበት። በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት የምናውቀው ሰው ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ንግግሩን የሚያልፉት ሰዎች ታሪኩን ያሳምሩ ይሆናል እንጂ አይጠቅሙትም። አንድ ዓመት ሙሉ ውጭ አገር ኖሮ፣ ድሆችን አይቶ፣ ስለ ጦርነት ያለው አመለካከት አልተነካም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል፤ ባርሴሎና ላይ የኖረው ከጀርመኖች ጋር፣ በጀርመን ማኅበር ውስጥ ነው። በሌላ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ የሌላውን ጸሎት የሰማው በኒውዮርክ ነው።

በ1930 ኒውዮርክ ላይ ምን ሆነ?

ዩኒየን ወደሚባለው የሥነ መለኮት ሴሚናሪ በነጻ የትምህርት ዕድል ሄደ። መጀመሪያ የተሰማው ብስጭት ነው። ስለ ኃጢአትና ስለ ይቅርታ ከሉተር መጽሐፍ ሲነበብ ተማሪዎቹ ጮክ ብለው መሳቃቸውን በሪፖርቱ አስፍሯል። በከተማው ስብከት ስለ ሁሉም ነገር እንደሚነገር፣ አንድ ነገር ብቻ ማለትም የክርስቶስ ወንጌል፣ መስቀሉ፣ ኃጢአትና ይቅርታ፣ ሞትና ሕይወት እንደማይነገር ጻፈ። ይህን ቅሬታ በከፊል የአውሮፓ ምሁር ኩራት አድርገው የሚያነቡት አሉ፤ ትንሽ እውነት አላቸው።

ለውጡ የመጣው በክፍል ጓደኛው በፍራንክ ፊሸር በኩል ነው። ፊሸር ከአላባማ የመጣ አፍሪካዊ አሜሪካዊ ተማሪ ነበር። ቦንሆፈርን ወደ ሃርለም፣ አቢሲኒያን ባፕቲስት ወደምትባለው ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። ጎብኝቶ ብቻ አልተመለሰም፤ ለስድስት ወር ያህል እሑድ እሑድ እየተመላለሰ በሰንበት ትምህርት ቤቷ ልጆች አስተማረ፤ ሰዎቹም ቤታቸው አስገቡት። ፓስተሩ አዳም ክሌይተን ፖወል (አባትየው) ነበሩ። የኢኮኖሚው ቀውስ ሃርለምን በመታበት በዚያ ወቅት ቤተ ክርስቲያኗ ለተራቡት ምግብ ታበላ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ወንጌልን በእውነት ሲሰበክ የሰማሁት በጥቁሮች ዘንድ ነው ሲል መስክሯል።

ከዚያ ሦስት ነገር ይዞ ወጣ። አንደኛው መከራን የሚሸከም ክርስቶስን፣ በተናቁት መካከል የቆመውን፣ በዜማና በስብከት ሰማ። በኋላ፣ ከመታሰሩ በፊት፣ ታሪክን ከታች ሆኖ፣ በተገፉት ዓይን ማየትን ተማርን ብሎ የጻፈው ሐሳብ ሥሩ እዚህ ይመስላል። ሁለተኛው፣ ዘርን ለይቶ ማግለል ምን እንደሆነ በዓይኑ አየ። ስለዚህ ጉዳይ ለታላቅ ወንድሙ ለካርል-ፍሪድሪሽ ሲጽፍለት፣ ወንድሙ በ1931 መጀመሪያ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የእኛ የአይሁድ ጉዳይ ቀልድ ነው ብሎ መለሰለት። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቀልድ አለመሆኑ ታየ። ዲትሪሽ ግን በኤፕሪል 1933 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ አይሁድ ጥያቄ ሲጽፍ ዓይኑ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ሦስተኛው ተጨባጭ ነገር ነው፦ የጥቁሮችን መንፈሳዊ መዝሙሮች የያዙ የግራሞፎን ሸክላዎች። ጀርመን ይዟቸው ገብቶ ለተማሪዎቹ ያሰማቸው ነበር፤ በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ዜማውን የሚያውቀው ሰው በጣም ጥቂት ነው።

አቢሲኒያን ባፕቲስት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ናት?

አይደለችም። የአፍሪካዊ አሜሪካውያን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሥርዓቷም እምነቷም ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የተለየ ነው። ስሟ ግን ከአገራችን የተወሰደ ነው። በ1808 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቁሮች በነጮች ቤተ ክርስቲያን ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጉን አንቀበልም ብለው የወጡ ምዕመናን መሠረቷት። በቤተ ክርስቲያኗ ትውፊት ከወጡት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያኗን ጎብኝተው የኢትዮጵያ መስቀል አበርክተዋል።

ስለዚህ "ቦንሆፈር በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አገለገለ" የሚለው፣ በማኅበራዊ ሚዲያ አንዳንዴ የሚዞረው አባባል ስህተት ነው። እውነቱም ቢሆን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። "መለየት አንቀበልም" ያሉ ሰዎች ለቤታቸው የመረጡት ስም የአገራችን ስም ነው፤ ቦንሆፈርም ወንጌልን የሰማው በዚያ ስም በተጠራ ቤት ነው።

ጦርነትን የሚቃወም ሰው የሆነው በማን ተጽዕኖ ነው?

እዚያው ዩኒየን ባገኘው በፈረንሳዊው ዣን ላሴር። ሁለቱ በጠላትነት ያደጉ ናቸው። የቦንሆፈር ታላቅ ወንድም ቫልተር በ1918 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ጦርነት ቆስሎ ሞቷል፤ የእናቱ ሐዘን ቤቱን ለረጅም ጊዜ አጨልሞት ነበር። ላሴር ግን የተራራው ስብከት እንዲሁ የሚደነቅ ትምህርት ሳይሆን የሚፈጸም ትእዛዝ ነው ይል ነበር። ክርክራቸው ስለ ፖለቲካ አልነበረም፦ የክርስቶስ አካል አንድ ከሆነ፣ አንድ ጀርመናዊ ክርስቲያን ፈረንሳዊ ክርስቲያንን እንዴት ይገድላል? በ1931 አብረው በመኪና ሜክሲኮ ድረስ ወረዱ። ቪክቶሪያ በምትባል ከተማ ጀርመናዊውና ፈረንሳዊው አንድ መድረክ ላይ ቆመው ስለ ሰላም ተናገሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በፋኖ፣ ወደ ሰላም የሚያደርስ የዋስትና መንገድ የለም፤ ሰላም ሊደፈርበት የሚገባ ነገር ነው ብሎ ሰበከ። ከባርሴሎናው ንግግር ጋር አስተያዩት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አምስት ዓመት ተኩል ብቻ ነው።

ታዲያ "ክርስቲያን የሆነው" መቼ ነው?

ስለዚህ የተናገረበት ደብዳቤ አለ፤ በጃንዋሪ 1936 የተጻፈ ነው። እንደ ክርስቲያን በማይገባ መንገድ ወደ ሥራ እሮጥ ነበር፣ ክብር እወድ ነበር፣ ብዙ ሰብኬ፣ ብዙ ቤተ ክርስቲያን አይቼ፣ ስለ እሷም ጽፌ ገና ክርስቲያን አልነበርኩም ይላል። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ መጣሁ፤ ነጻ ያወጣኝ በተለይ የተራራው ስብከት ነው ይላል። ጥቂት ቀደም ብሎ አጥብቆ ይቃወመው የነበረው የሰላም አቋምም ድንገት ግልጽ ሆነለት።

ደብዳቤው ቀን አይጠቅስም። ስለዚህ "ኒውዮርክ ላይ በዚህ ቀን ዳነ" ማለት አይቻልም። በ1931 የጻፋቸው ደብዳቤዎችም እንዲህ ያለ ለውጥ አያውጁም። ማለት የሚቻለው ከአሜሪካ ሲመለስ የሚያውቁት ሰዎች ለውጥ ማየታቸው ነው፦ አዘውትሮ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ በየቀኑ በቃሉ ላይ ማሰላሰል፣ በበርሊን የድሆች ሰፈር ያሉ ልጆችን ለሃይማኖት ማጽኛ ማስተማርና እዚያው ሰፈር ቤት መከራየት። ዘሩ ውጭ አገር ተዘርቶ ቡቃያው በርሊን ላይ ታየ ብንል ከሰነዶቹ አንርቅም።

ሕንድ ለምን አልሄደም?

ሕንድን ለዓመታት ተመኝቷል። የመጨረሻው ሙከራ ቁም ነገር ነበረው። ለንደን ሳለ የቺቼስተሩ ጳጳስ ጆርጅ ቤል ለጋንዲ ጻፉለት፤ ጋንዲም በኖቬምበር 1 ቀን 1934 ደብዳቤ እንዲመጣ ጋበዙት። የመመለሻውን መጓጓዣና የሚኖርበትን ወጪ ራሱ እንዲችል፣ እሳቸው ካልታሰሩ አብሯቸው መኖር እንደሚችል ገለጹለት። የፈለገው ሃይማኖት ለመቀየር አልነበረም። ለክፉ ኃይል እጅ ሳይሰጡ፣ በክፋትም ሳይመልሱ የሚታገሉበትን የተራራውን ስብከት መንገድ በተግባር የሚኖሩ ሰዎችን ማየት ነበር። በዚያው ጊዜ ግን ከናዚ ቁጥጥር ውጭ የሆነችው "መስካሪ ቤተ ክርስቲያን" ሴሚናሪ እንዲመራ ጠራችው። ምርጫው ጉዞ ወይስ ተማሪዎች ሆነ። ተማሪዎቹን መረጠ።

ለንደን ላይ ምን ተማረ?

ሁለት ትናንሽ የጀርመን ማኅበራትን፣ አንዱን በሲደንሃም፣ ሌላውን በኋይትቻፕል ያገለግል ነበር። የሄደው በጀርመን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በነበረው ትግል ብቻውን እንደቀረ ስለተሰማው ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ መለኮት ሊቅ ካርል ባርት በሚቀጥለው መርከብ ተመለስ ብሎ በቁጣ ጻፈለት። ወዲያው አልተመለሰም፤ ግን ወቀሳው አብሮት ኖረ።

ከመመለሱ በፊት በ1935 የእንግሊዝ ገዳማትን ዞረ፤ ከነዚህ መካከል ኬልሃምና ሚርፊልድ ይገኛሉ። በሚርፊልድ መነኮሳቱ በጸሎት ሰዓታት መዝሙር 119ን (በእኛ ዳዊት 118ኛው) ይደግሙ ነበር። ይህ መዝሙር ከዚያ በኋላ ከእጁ አልወጣም።

ያየውን እንዲመራ በተጠራበት በፊንከንቫልደ ሴሚናሪ ሥራ ላይ አዋለው። ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ረጅም የጋራ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ንባብ። ከቁርስ በኋላ ለግማሽ ሰዓት በአንድ አጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ላይ ዝም ብሎ ማሰላሰል፤ ክፍሉ ሳምንቱን ሙሉ አይለወጥም። ማብራሪያ መጽሐፍ መክፈት፣ ለስብከት ማዘጋጀት አይፈቀድም። በሌለ ወንድም ላይ ማውራት አይቻልም፤ ከተወራም ሄዶ መንገር ግዴታ ነው።

መጀመሪያ ላይ አልሠራም። ወጣቶቹ በዝምታው ያንቀላፉ፣ ሐሳባቸው ይባዝን ነበር፤ ከውጭም "ገዳም ሊከፍት ነው" የሚል ወሬ ተነሣ። ቦንሆፈር ሥርዓቱን አላነሣም። በሳምንት አንድ ቀን ጮክ ብለው አብረው እንዲያሰላስሉ ጨመረበት። ይህን ሥርዓት በቡድናችሁ ለመሞከር ለምታስቡ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ክፍሉ ሲረዝም ነው። ከጥቂት ቁጥሮች አትለፉ። በየቀኑም አትለውጡት። ሴሚናሪውን የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ በ1937 ዘጋው።

በ1936 ተማሪዎቹን ስዊድን መውሰዱ ብዙ አስከፈለው። የቤተ ክርስቲያን የውጭ ጉዳይ ቢሮ ሰላም ሰባኪና የመንግሥት ጠላት ብሎ ከሰሰው፤ በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ፈቃዱን አጣ።

በ1939 ነጻ አገር ገብቶ ለምን ተመለሰ?

በጁን 12 ኒውዮርክ ደረሰ። ወዳጆቹ ያመቻቹለት ከጦርነቱና ከምልመላው እንዲያመልጥ ነበር። ዕለት ማስታወሻው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ሰላም የለውም፦ ስለ ወንድሞቹ ያስባል፣ ደብዳቤ ይጠብቃል፣ ከተማው ውስጥ ያለ ዓላማ ይዞራል። በጁን 20 የቀረበለትን ሥራ አልቀበልም አለ። ለምን እንደወሰነ ለራሱም ግልጽ እንዳልሆነለት በሐቀኝነት ጻፈ። በጁን 26 የዕለቱ ንባብ "ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ" የሚለው የ2ኛ ጢሞቴዎስ ቃል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀውም።

ለአሜሪካዊው የሥነ መለኮት ምሁር ለራይንሆልድ ኒቡር የጻፈው ይታወቃል፦ ወደ አሜሪካ መምጣቴ ስህተት ነበር፣ የዚህን ዘመን መከራ ከሕዝቤ ጋር ካልተካፈልኩ ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን የክርስትናን ሕይወት ለመገንባት መብት አይኖረኝም። ቃሉን የምናውቀው ኒቡር በ1945 ስላሳተሙት ነው። በጁላይ መጀመሪያ ተሳፍሮ፣ በለንደን በኩል አድርጎ፣ በጁላይ 27 በርሊን ገባ። ጦርነቱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተጀመረ።

በጦርነቱ ጊዜ ሰላይ ሆኖ መጓዙ እምነቱን አልቃረነውም?

ተቃርኖውን እሱም አልደበቀውም። በወረቀት የጀርመን ወታደራዊ ስለላ ሠራተኛ ነበር፤ በእውነት ግን በሂትለር ላይ ያሴሩት ሰዎች መልእክተኛ ነበር። በሜይ 31 ቀን 1942 ስዊድን ውስጥ በሲግቱና ጳጳስ ቤልን አግኝቶ የተቃዋሚዎቹን መሪዎች ስም ነገራቸው። ቤል ለእንግሊዝ መንግሥት አቀረቡ፤ መንግሥቱ መልስ ላለመስጠት ወሰነ። ቤል እንደመሰከሩት ቦንሆፈር በዚያ ስብሰባ ከቅጣት ማምለጥ የለብንም፣ የምናደርገው ነገር እንደ ንስሐ መታየት አለበት አለ። በደልን ሳይክድ፣ ራሱንም ንጹሕ ሳያደርግ ኃላፊነት የሚወስድ ክርስቲያን ምን ይመስላል? በዚያ ጊዜ ሲጽፈው የነበረው፣ ሳይጨርሰው የቀረው የሥነ ምግባር መጽሐፍ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ "የኢትዮጵያ ቦንሆፈር" የሚባሉት ለምንድን ነው?

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። እሳቸውም ሚኒሶታ ተምረው የተመለሱ ናቸው። በደርግ ዘመን ከአገር እንዲወጡ ዕድል ሲቀርብላቸው መንጋዬን በመከራ ሰዓት ትቼ አልሄድም አሉ። በጁላይ 28 ቀን 1979 ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ንጽጽሩ የ1939ኙን ውሳኔ በሚመለከት እውነት ነው። እስከ መጨረሻው ግን አይሄድም፤ ቦንሆፈር በመንግሥት ግልበጣ ሴራ ውስጥ የገባ ሰው ነው፣ ቄስ ጉዲና ግን የቤተ ክርስቲያን መሪ ሆነው ነው የተያዙት።

ከራሱ ጽሑፎች የትኛው የትኛውን ጉዞ ይዟል?

ሙሉ ሥራዎቹ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም በ17 ቅጽ ታትመዋል። የሮም ማስታወሻ ቅጽ 9 ላይ፣ ባርሴሎናና የመጀመሪያው ኒውዮርክ ቅጽ 10 ላይ፣ ለንደን ቅጽ 13 ላይ፣ የ1939 ማስታወሻ ቅጽ 15 ላይ፣ የጦርነቱ ጉዞዎች ቅጽ 16 ላይ ናቸው። የእስር ቤት ደብዳቤዎቹ ቅጽ 8 ናቸው።

የአንድን ጉዞ ተጽዕኖ መለካት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በዚያው ወር የተጻፈውን ደብዳቤ ያንብብ፤ ቀጥሎ በዚያው ሰሞን የሰበከውን፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መጽሐፉ መሄድ ያለበት። ከመጽሐፉ ከጀመሩ፣ የኋለኛውን ቦንሆፈር በወጣቱ ላይ ማየት አይቀርም። ጓደኞቹ ከብዙ ዓመት በኋላ የተናገሩትን ትዝታም ከዘመኑ ሰነድ ለይታችሁ ያዙ።

ጥቅሶች ላይም ተጠንቀቁ። "በክፋት ፊት ዝምታ ራሱ ክፋት ነው" የሚለው በስሙ በሰፊው ቢዞርም በጽሑፎቹ ውስጥ የለም። "ክርስቶስ ሰውን ሲጠራ መጥተህ ሙት ይለዋል" የሚለው ደግሞ የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ያሰፋው ነው፤ ጀርመንኛው "የክርስቶስ ጥሪ ሁሉ ወደ ሞት ይመራል" ለሚለው ይቀርባል።

ቦታዎቹን መጎብኘት ይቻላል?

ኒውዮርክ ላይ አቢሲኒያን ባፕቲስት በሃርለም 138ኛው ጎዳና ላይ፣ በ1923 በተመረቀው ያው ሕንፃ ውስጥ ናት፤ በምድር ባቡር ለሚመጣ ቅርቡ ጣቢያ የ2 እና የ3 መስመር 135ኛው ጎዳና ነው። በርሊን ላይ በማሪየንቡርገር አሌ ቁጥር 43 የወላጆቹ ቤት መታሰቢያ ሆኗል። የተያዘውም እዚያው ነው። ለመግባት አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ለንደን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኋይትቻፕል ነው። አሊ ጎዳና ላይ የቆመው የቅዱስ ጊዮርጊስ የጀርመን ቤተ ክርስቲያን የእሱ ሳይሆን የወዳጁ የፓስተር ዩልዩስ ሪገር ነበር። የቦንሆፈር የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በጦርነቱ በቦምብ ፈርሷል፤ የሲደንሃሙም እንዲሁ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ በእሱ ስም ተሰይሟል። የፊንከንቫልደ ሕንፃ ዛሬ የለም፤ ቦታው ፖላንድ ውስጥ በሽቼቺን ከተማ ነው።